በጨው የቀበርሁት ምንሽር

የብረትን ነገር መጀመሪያ ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። መጽሐፉ በኋላ ነው የመጣው። ከዚያ በፊት ጓሯችን ውስጥ፣ ጌሾው ሥር፣ በገዛ እጄ ባጠፋሁት ጥፋት ነው የተማርሁት።

ቤታችን ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴና እኔ ብቻ ነበርን፤ አንዷን ክፍል ኬሚስትሪ ለሚያስተምር መምህር አከራይተናል። አባቴ የጃናሞራ ሰው ነው። ከመካነ ብርሃን ወደ ከተማ ሲገባ ይዞት የመጣ ቁም ነገር ቢኖር አንድ ምንሽር ጠመንጃ ነው፤ እሱም የአባቱ። ደርግ መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስመዝግብ ባለ ጊዜ ቀበሌ ወስዶ አስመዘገበው። ቁጥሩን ጽፈው ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጡት፤ ጠመንጃው እሱው ዘንድ ቀረ። ወረቀቱን ከዳዊቱ ቅጠሎች መሀል ነበር የሚያኖረው።

ሰኔ ላይ ወንድሙ ሞተና ለለቅሶ ወደ አገሩ ሊወጣ ሆነ። በዚያ ሰሞን ቤት ለቤት አሰሳ ነበር። የተመዘገበም ቢሆን ዓይናቸው ከገባ አይመልሱትም ይባላል።

«ቅበሪው» አለኝ። «ሸጋ አድርገሽ ጠቅልለሽ ቅበሪው። እንዳይበላሽ ብቻ።»

የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ነገር እንዳይበላሽ ምን እንደሚደረግ ደግሞ አውቃለሁ ባይ ነኝ። ቋንጣ በጨው ይቆያል። የፍየል ቆዳ ጨው ከተነሰነሰበት አይሸትም፣ አይተላም። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ከመቁጠሬ በቀር ትምህርት ቤት አላየሁም፤ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከማጀት ነው። እናም ጨው ወቀጥሁ። ብረቱን ከአፈሙዙ እስከ መቀርቀሪያው አሸሁት፤ የቀረውን ጨው ጥሬ የፍየል ቆዳ ላይ ነስንሼ ጠመንጃውን ጠቀለልሁበትና ቀበርሁት። ምን ልበላችሁ፣ በራሴ ኮርቼ ነበር።

አባቴ በአሥራ አምስት ቀኑ ተመለሰ። «እንዴት አደረግሽው?» ሲለኝ «ሸጋ አድርጌ» አልሁት። እሱም «ክረምቱ ይለፍ» ብሎ ተወው።

ጥቅምት ላይ የተመዘገበ መሣሪያ ሁሉ ተመልሶ ይታይ ተባለ። አባቴ ወረቀቱን ብቻ ይዞ ሄደ፤ እዚያው አስቀሩት። አንድ አብዮት ጠባቂ መጥቶ በሩ ላይ እንደ ቆመ፣ «ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ጠመንጃውን ይዘሽ ነይ» አለኝ። «ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር ይመሳከራል። ካልገጠመ ለወንበዴ ሰጥቶታል ማለት ነው።»

በዚያ ዘመን «ለወንበዴ ሰጠ» የተባለ ሰው የት እንደሚወሰድ የማያውቅ አልነበረም።

ሲነጋ ቆፈርሁ። ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ላሽቋል። ስገልጠው እጄ ድልህ የነካ መሰለ። ብረቱ ቅርፊት አውጥቶ በጣቴ ስጫነው እየተፈረፈረ ይወድቃል። ቁጥሩ የተመታበት፣ ጥይት ከሚጎርስበት ጎን ያለው ቦታ፣ እንደ ሌላው ሁሉ ቀይ ነው።

መምህሩ ደጅ ፊቱን ሲታጠብ ነበር። የያዝሁትን ሲያይ ወደ ኋላ ሸሸ።

«እኔ ምንም አላየሁም» አለ።

«ጋሼ፣ ቁጥሩ ካልታየ አባቴን ይገድሉታል።»

ወደ አጥሩ ተመለከተ፤ ከዚያ ወደ ጠመንጃው። «ምን አደረግሽበት?»

«ጨው።»

«ጨው?»

«እንዳይበሰብስ ነዋ።»

ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። ሊስቅ ነው ስል አልሳቀም። «ሥጋን የሚያበሰብሱት ነፍስ ያላቸው ነገሮች ናቸው» አለኝ፤ «ከማነሳቸው የተነሣ አይታዩም እንጂ ይበላሉ። ጨው እነሱን ነው የሚያደርቃቸው። ብረትን ግን የሚበላው የለም። ራሱ ብረቱ ከአየርና ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ሌላ ነገር ይሆናል። ይሄ ቆሻሻ እንዳይመስልሽ፤ ብረት የነበረው ነው። ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል፤ ሥራውን ያፈጥነዋል። አንቺ ያቆምሽው መስሎሽ ነው ያስቸኮልሽው።»

ተዋሕዶ የሚለውን ቃል ከቤተ ክርስቲያን ውጪ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«ታዲያ አይመለስም?»

«የሄደው ብረት አይመለስም። ቁጥሩ ግን ሲመታ ጠልቆ ከሆነ ከሥር ይኖር ይሆናል። ሎሚ አለሽ?»

ስድስት ሎሚ ነበረኝ። ጨምቀን ለብ አደረግነው፤ ሙቀት ያፋጥነዋል አለ። ጨርቅ ነክሮ ቁጥሩ ላይ ጠመጠመና ጠመንጃውን ፀሐይ ላይ አጋደመው። ቀጥሎ አመድ በውሃ በጥብጬ እንዳጠልል አዘዘኝ፤ ልብስ እንደማጥብበት አድርጌ አጠለልሁ።

«ስሚኝ» አለ። «ሎሚው ዝገቱን ያሟሟዋል፤ ግን ዝገትና ብረት ለይቶ አያውቅም። ብረቱ ነጥቶ ደቃቅ አረፋ ማውጣት ከጀመረ ብረቱን ይዞታል ማለት ነው፤ የቀረውንም ቁጥር ይወስደዋል። ያን ጊዜ አመዱን ድፊበት፤ ያቆመዋል። አንብበሽ ባትጨርሺም ድፊበት።»

«እርስዎስ?»

«ክፍል አለኝ» አለ። እውነቱን ነው፤ ግን ፈርቶም ነበር። አልፈርድበትም።

ብቻዬን ቀረሁ። ጨርቁን እያነሣሁ በአመድ እፈትጋለሁ፣ እንደገና እነክራለሁ። አንደኛው አኃዝ ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛውና አራተኛውም ወጡ። አምስተኛው፣ የመጨረሻው፣ ግማሹ ብቻ ብቅ አለ፤ በዚያው ቅጽበት ከነጣው ብረት ላይ ደቃቅ አረፋ ተነሣ። ትንሽ ብቻ ብቆይ፣ የአንዲት ትንፋሽ ያህል፣ የቀረው ይወጣ ይሆናል። እጄ የአመዱን ውሃ እንደያዘ ስንት ጊዜ እንደቆምሁ አላውቅም። ደፋሁት። ፉ ብሎ አረፋ ደፈቀና ጸጥ አለ። የመጨረሻው አኃዝ ሦስትም ይመስላል፣ ስምንትም ይመስላል።

ቀበሌ ስደርስ አባቴ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ቀበቶውን ወስደውበታል። ሊቀ መንበሩ ድሮ ልብስ ሰፊ የነበረ ሰው ነው።

«ይሄ ጠመንጃ ነው የማረሻ ስባሪ?» አለ። ጸሐፊው ከወረቀቱ ላይ እያነበበ፣ እሱ ብረቱን እያየ አራቱን አኃዝ አስተያዩ። አምስተኛው ላይ ቆሙ።

«ወረቀቱ ሦስት ይላል» አለ ጸሐፊው።

«እኔ ደግሞ ስምንት ነው የማየው። አያ፣ የራስህን ለማን ሰጥተህ ነው ይሄን ውዳቂ ያስመጣኸው?»

አፌን ከፈትሁ። አባቴ ግን ተነሥቶ ወደ ጠመንጃው ቀረበ። አፈሙዙን በጣቱ ጠረገና ጣቱን ምላሱ ላይ አደረገ። ከዚያ አየኝ። ያ አስተያየት ዛሬም ከፊቴ አልጠፋም።

«የራሴው ነው» አለ። «በጨው ቀብሬው ነው።»

«በምን?»

«በጨው። ቋንጣ በጨው ይቆይ የለ?»

መጀመሪያ ጸሐፊው ነው የፈነዳው፤ ከዚያ ጠባቂዎቹ። ሊቀ መንበሩ እንባውን በመዳፉ እየጠረገ፣ «ይሄን ፈጥሮ የሚዋሽ ሰው የለም። ሦስት ብለህ ጻፍ» አለ። ጠመንጃውን ጥግ ወረወሩት፤ ቀበቶውን መለሱለት።

አባቴ በሕይወት ወጣ። በሳምንቱ ግን ሰፈሩ ሁሉ «አያ ቋንጣ» ይለው ጀመር። ጥምቀት ላይ ቀሐ ወንዝ ስንወርድ፣ ድሮ ጠመንጃውን አንግቶ ይቆምበት ከነበረው ቦታ ርቆ ከሴቶች ኋላ ቆመ። የሚስቁበት ጥፋት የእኔ መሆኑን ለማንም አልተናገረም። እኔም አልተናገርሁም።

መምህሩ በኋላ መጽሐፉን አዋሰኝ። ነገር ሲለወጥ ምንም አይጎድልም ይላል፤ የገባው ሁሉ በሌላ መልክ ይወጣል። እዚያ ገጽ ላይ ብዙ ቆየሁ።

ከቀበሌ በተመለስን ዕለት ራት ሳቀርብ ጨው መንካት አቅቶኝ ወጡን አልጫ እንደሆነ አቀረብሁለት። ሁለት ጊዜ ጎረሰና ቆመ።

«ጨው የለውም» አለ።

ዓይኔን ወደ ምድጃው መለስሁ።

«አምጪ እንጂ ልጄ» አለኝ፤ «ለዚህ እኮ ነው የተፈጠረው።»

አመጣሁለት። ከፊቱ ባኖረው ራሱ ነሰነሰው፤ በእኔም ወገን ነሰነሰልኝ።