ደሜ ላይ ያለችው ሰረዝ

ከሠርጋችን በፊት እኔና እጮኛዬ ደማችንን ተመረመርንና ውጤቴን ይዤ ከእሷ ጋር ወገዳ፣ ወላጆቿ ቤት ሄድኩ። ጤነኛ ነኝ፤ የደሜ ዓይነት ግን «ኦ ማይነስ» ይላል። እናቷ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና፣ «ይቺ ሰረዝ ምንድን ናት?» አሉኝ።

«የመቀነስ ምልክት ናት፣ እማማ።»

«ምኑ ነው የቀነሰው?» ብለው ከእግር እስከ ራሴ ቃኙኝ። «ደም የጎደለው ሰው ምን ያርሳል? ምንስ ይወልዳል?»

«የደሙ ዓይነት ስም እኮ ነው» ብዬ ላስረዳቸው ስጀምር፣ ይባስ ብላ እጮኛዬ፣ «እኔም እኮ ማይነስ ነኝ፣ እማዬ» አለች።

«ወይኔ ልጄን! ሁለት ጎደሎ!» ብለው እናቷ ጮኹ።

ጥግ ላይ ዳዊት ሲደግሙ የነበሩት አባቷ፣ መሪጌታው፣ መጽሐፋቸውን አጥፈው ቀና አሉ።

«ምን ያስጮህሻል? ማይነስ በማይነስ ሲባዛ ፕላስ ነው። ተያቸው፣ ይባዙ!»