መኪናው እስኪንቀሳቀስ ድረስ

አቦ፣ ደክሞኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ስለዚያ ካሚዮን ባወራሁ ቁጥር ሰው ጀግና ሊያደርገኝ ይቃጣዋል። ሀርጌሳ ከፍርስራሿ እየተነሳች በነበረችበት ዘመን፣ ሰው ሁሉ ለጣሪያ የሚሆን ቆርቆሮ ሲለቅም፣ እኔ ከድሬዳዋ መፍቻዎቼን በጆንያ ይዤ የገባሁ መካኒክ ነበርኩ። ዕድሜዬ ገና አርባ አልሞላም፤ ወገቤ ግን ቀድሞኝ አርጅቷል።

አንድ ነጋዴ 26 ጁን በሚባል ሰፈር ወዳለ ግቢ ወሰደኝ። አጥሩ ፈርሷል፤ መሐሉ ላይ ጦርነቱ ካቆመው ጀምሮ ያልተነካ የሩሲያ ወታደራዊ ካሚዮን ተገትሯል። ጎማዎቹ ተኝተዋል፣ ኮፈኑ ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታለች፣ ሞተሩ ዝጎ ተጣብቋል። እንዲህ ያለውን መኪና ከወታደርነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የኛም ጦር የነሱም ጦር ከአንድ ሀገር ነበር የሚገዛው፤ የተታኮስነው አንድ ዓይነት መኪና ላይ ተጭነን ነው።

"የውሃ ቦቴ አደርገዋለሁ፣ ታንከሩን ገዝቻለሁ" አለኝ ነጋዴው፣ ባለመኪናው። ክፉ ሐሳብ አይደለም፤ የሰፈሩ ሴቶች ጄሪካን ተሸክመው ውሃ ፍለጋ ሩቅ ነበር የሚሄዱት። አብረውት የቆሙ ሁለት ሽማግሌዎች "ይነሳል?" ብለው ጠየቁኝ። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍ! "ወላሂ፣ የረመዳን ጨረቃ ሳትታይ አስነሳዋለሁ" አልኩ። ማል ያለኝ ሰው አልነበረም። የድሬ ልጅ እንዲህ ነው፤ እጁ ሳይጀምር አፉ ይጨርሳል።

ካሚዮኑ ላይ አንዲት ሴት ትኖር ነበር። ጭነት የሚጫንበት ላይ፣ ከብረት ቅስቶቹ በላይ ሸራና ፕላስቲክ ወጥራ ቤት አድርጋዋለች። የመጀመሪያው ቀን ረፋድ ላይ በወተት የፈላ ሻይ ይዛልኝ ወረደችና በአማርኛ "ጠጣ፣ ወንድሜ" አለችኝ። ለካ በስደቱ ጊዜ ድሬዳዋ ገበያ ላይ ስትነግድ ኖራለች። ኤዶ አልኳት፤ እዚያ ሀገር ትልቅ ሴት የምትጠራው እንዲህ ነው፣ አክስቴ እንደማለት። ደግሞ አንቺ እያልኩ፤ እኛ ድሬዎች "እርስዎ" ሲሉን ፖሊስ የመጣ ይመስለናል።

ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። እኛ ጋ ለሠራተኛ ሻይ የምታወጣ ሴት የቤቱ ሴት ናት። ስለዚህ የባለመኪናው አክስት ናት፣ ቤት እስኪሠራላት እዚህ ተጠግታለች ብዬ ደመደምኩ። ትልቅ ሴትን "አንቺ ለዚህ ቤት ምኑ ነሽ?" ብሎ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ሻይዋን ጠጥቼ ወደ መፍቻዬ ተመለስኩ።

ሥራው ጨረሰኝ። ካንዴላዎቹን ፈትቼ በየቀዳዳው ዘይትና ነጭ ጋዝ ቀላቅዬ አፈሰስኩ፤ ከዚያ ጠዋት ጠዋት ሞተሩን በረጅም ብረት ለማዞር መታገል ነው። አስራ አንድ ቀን ንቅንቅ አላለም። በአስራ ሁለተኛው ቀን የአንድ ጣት ያህል ዞረ። "ዞረ!" ብዬ ስጮህ ኤዶ ከላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ አየችኝ። "አልሐምዱሊላህ" አለች፤ ፊቷ ግን ምስጋና አልነበረበትም። እኔ ሞኙ አሟት ነው ብዬ አሰብኩ።

ካርቡራተሩን አጠብኩ፣ ሽቦውን ቀየርኩ፣ ጎማዎቹን አስነፋሁ። ከብዙ ቀን በኋላ አንዱን ካንዴላ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክቼ ስሞክር ሰማያዊ እሳት ረጨ፤ እሳት ካለ ሞተሩ ይነሳል። ኤዶ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ አብረን አየነው። ያን ዕለት ከአሱር ሶላት በኋላ ባለመኪናው መጣና "እንግዲህ አሮጊቷ ስትወርድ ታንከሩን እንጭናለን" አለኝ።

"አክስትህ የት ልትገባ ነው?" አልኩት።

ሳቀ። "የማን አክስት?"

ነገሩን የነገረኝ ያኔ ነው። ከስደት ስትመለስ ባሏ እዚያው ሰፈር የተቀበረ ፈንጂ ረግጦ ሞተባት። ከዚያ ወዲያ መሬት ላይ አልተኛም ብላ ባለቤት ያልነበረው ካሚዮን ላይ ወጣች። ሰውየው ግቢው የአባቴ ነው፣ መኪናውም የኔ ነው ብሎ ሲመጣ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። "መኪናው እስኪንቀሳቀስ ድረስ ማንም አያውርዳት፤ የተንቀሳቀሰ ቀን ትወርዳለች" ብለው ፈረዱ። ሁለቱም እሺ አሉ። ያ ብረት ይነሳል ብሎ ያሰበ አልነበረማ! እንግዲህ እኔ ነኝ፣ ሻይዋን እየጠጣሁ ቤቷን ከሥሯ የምነቅል። አፈር በበላሁ!

በማግስቱ "እሳት የለውም፣ ቦቢናው ተቃጥሏል" ብዬ ዋሸሁ። ሌላ ቦቢና እስኪገኝ ቀናት አለፉ፤ ሲገኝ ደግሞ "ይሄም አይሆንም" አልኩ። መኪናው ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ብረት በብረት እየመታሁ የምሠራ አስመስላለሁ። ከመሥራት ማስመሰል እንደሚከብድ ያየሁት ያኔ ነው። ጨረቃዋ ደግሞ እየቀረበች ነው፤ መሐላዬ ማታ ማታ ይከነክነኛል።

አንድ ጠዋት ኤዶ ሻዩን ይዛ ወረደች፤ ግን አልሰጠችኝም።

"እሳቱን አይቼዋለሁ" አለች። "ዓይኔ ገና አልጠፋም።"

"ኤዶ፣ የት ትገቢያለሽ?"

"እሱን አንተ ታውቅልኛለህ?"

"መሐላዬን አፈርሳለሁ። ለማካካሻው ሦስት ቀን እጾማለሁ፣ በቃ።"

"ያንተ ጾም ለእኔ ጣሪያ አይሆንም።" ብርጭቆውን ጎማው ላይ አስቀመጠችው። "ስማኝ። አራት ዓመት ሙሉ፣ መፍቻ የያዘ ሰው በዚህ ባለፈ ቁጥር እንቅልፍ አጥቻለሁ። ይሄኛው ይሆን ያኛው ይሆን እያልኩ። አንተ ብትተወው ሌላ ይመጣል። ውሃውን ደግሞ እኔም እሸከማለሁ፣ ጀርባዬን እየው። ከእንግዲህ መጠበቅ አልችልም፤ ደከመኝ። አስነሳውና ልረፍ።"

አለቀስኩ ብል ውሸት ነው፤ ተናደድኩ። በባለመኪናው፣ በሽማግሌዎቹ፣ በእሷም ጭምር፣ ከሁሉ በላይ በዚህ በምላሴ። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ቀዝቅዞም ጠጣሁት።

በማግስቱ ከአንድ ታክሲ ባትሪ ተውሰን ገጠምን። ሦስት ጊዜ አቃሰተ፤ በአራተኛው ጥቁር ጭሱን ተፍቶ ተነሳ። ግቢው በእልልታ ተሞላ። ሞተሩ ግን ገና ደካማ ነው፤ እግሬን ከቤንዚኑ ባነሳ ይጠፋል፣ የተዋስነው ባትሪ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ማስነሻ ጉልበት አልቀረውም። ኤዶ ዕቃዋን ስታወርድ ያየኋት ጋቢናው ውስጥ እንደተቀመጥኩ ነው። ፍራሽ፣ ሁለት ድስት፣ መስገጃ፣ የተጠቀለለ ሸራ። ሁለት ሴቶች አግዘዋት የአህያ ጋሪ ላይ ጫኑት። ጋሪው በጋቢናው በር በኩል ሲያልፍ "ኤዶ፣ ወዴት ነው?" ብዬ ጮህኩ። ሞተሩ ድምፄን ዋጠው መሰለኝ፣ እጇን ብቻ አነሳችልኝ። እግሬን አንስቼ መውረድ ነበረብኝ። አላነሳሁም። ከዚያ ማርሽ አስገብቼ ካሚዮኑን ከቆመበት አንቀሳቀስኩት።

ታንከሩ ተጭኖ መኪናው የመጀመሪያውን ውሃ ይዞ የገባ ቀን፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዱዓ አድርገው "የመጀመሪያው ውሃ አይሸጥም፣ ሰደቃ ነው። ከሁሉ የባሰበት ሰው ይውሰድ" አሉ። ሰው ሁሉ ዞር ዞር ብሎ ተፈላለገ። "እሷ ናታ፣ የካሚዮኗ!" አለች አንዷ። አንድ ጄሪካን ጢም አድርገው ሞሉላት። ባለመኪናው መሬት መሬት ያያል። "እኔ አደርስላታለሁ" ብዬ ተሸከምኩ። ወገቤ ጮኸ።

ዋናው መንገድ ዳር ስደርስ ቆምኩ፤ ለካ የት እንደገባች አላውቅም። ወደ ላይ ልውጣ፣ ወደ ታች ልውረድ? ሱቋ ደጃፍ የተቀመጠች አንዲት ሴት አየችኝና "ማንን ነው የምትፈልገው?" አለችኝ።

ስሟን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ያን ሁሉ ቀን ሻይዋን ጠጥቼ፣ ስሟን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም።