የደወሉ ሌባና የበያጁ መንጋጋ

በያጁ ሴትዮዋን በደንብ አያውቃቸውም። የሚያውቀው የጥርስ ሐኪሙ ረዳት መሆናቸውንና የሩቅ አገር የመርማሪ ልብ ወለድ መውደዳቸውን ብቻ ነው። ሁለት መንጋጋ ጥርሶቹ ተበልተው መነቀል አለባቸው። ቀን ሙሉ ከእሳት ጋር የሚውለው ሰውዬ መርፌውን ሲያይ ግን እግሬ አውጪኝ ሊል ቃጣው።

«ቁጭ በል፣ የኔ ልጅ! በረዶ በማይለያት አንዲት መንደር ትልቁ ደወል ተሰረቀ» አሉት ሴትዮዋ፣ ያነበቡትን ልብ ወለድ መተረክ ጀምረው።

«ደም አለበት እንዴ፣ እትዬ?»

«ወዲያ! ደም ካማረኝ እዚሁ ሞልቶ የለ? ይልቅ አፍህን ክፈት።»

መርማሪው ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው። በየቤቱ ሻይ እየጠጣ፣ የሰው ድመት እየዳበሰ፣ ሁሉንም በትሕትና ይጠይቃል። በያጁም አፉን እንደከፈተ በሐሳቡ አብሮት ዞረ። ያን የሚያህል ደወል የት ይደበቃል? መጀመሪያ ዳቦ ጋጋሪውን ጠረጠረ፤ ቀጥሎ የከንቲባውን ሚስት። ፖስተኛው የመጨረሻውን በር ሲያንኳኳ ሐኪሙ «አለቀ!» አለ። ጥርሱ ሳህኑ ላይ ነበር።

«ለሁለተኛው ጥርስ የዛሬ ሳምንት ትመጣለህ ወይስ ትጠፋለህ?» አለው ሐኪሙ።

በያጁ ጥጡን እንደነከሰ ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «እትዬ፣ ማነው የሰረቀው?»

«እሱን ሳምንት» አሉና ቀጣዩን ታካሚ ጠሩ።