ለሚወልቅ ጥርስ

ነርሷ ፀጉሯ የሸበተው እዚያው የምትሠራበት ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ለወላጆች የምትናገረው ሁልጊዜ ያንኑ ነው፤ "ጥርስ ገና ሲያወጡ ጀምራችሁ አጽዱላቸው፤ ጡጦ አፋቸው ውስጥ ትታችሁ አታስተኟቸው።" ወላጆቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ በሩን ሲወጡ ግን "የወተት ጥርስ አይደል፣ ይወልቃል እኮ" ሲባባሉ ትሰማለች። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነባት።

ከሁሉም የሚያንገበግባት ታናሽ ወንድሟ ነው። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሕፃናት አልቀመጥ ሲሉት ከረሜላ እያጎረሰ ይላጫቸዋል። የራሱ ልጅ ደግሞ ስኳር የበዛበት ወተት በጡጦ እየጠባች ነው የምትተኛው።

"የላይኞቹ ጥርሶቿ ላይ ነጭ መስመር አይቻለሁ፤ መበስበስ ሲጀምር እንዲህ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል በል" አለችው አንድ እሁድ።

"እትዬ ደግሞ፣ ሥራሽን ቤት ድረስ ይዘሽ ትመጫለሽ። እኛን ማን ቦርሾልን ነው ያደግነው?"

"ለዚህ እኮ ነው በአንድ በኩል ብቻ የምታላምጠው።"

ሚስቱ ሳቋን ልትደብቅ ወደ ጓዳ ገባች። እሱም ሳቀ። ጡጦው ግን ከአልጋው አልወረደም።

ነጩ መስመር እያደር ጠቆረ። አንድ ጠዋት አባትየው ከንፈሯ ያበጠ ልጁን አቅፎ ክሊኒክ ገባ። ሐኪሙ ሁለቱ የፊት ጥርሶች መነቀል አለባቸው አለ። አክስት እጆቿን ያዘች፤ አባት ጭንቅላቷን ደገፈ። መርፌው ሲወጋት ስትጮህ የእሱ ፊት አመድ መሰለ። "ነግሬህ አልነበር?" ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊቱን አይታ ዋጠችው።

ከዚያ በኋላ ቤታቸው ስትሄድ ጡጦው የለም፤ ብርጭቆ ውስጥ ትንሽዬ ብሩሽ ቆማለች።

"ትቦርሹላታላችኋ?"

"እንዴታ። ቅዳሜ ቅዳሜ።"

"ፀጉር መሰለህ እንዴ?"

"አትቆጪ እትዬ። አፌን አልከፍትም ብላ ታለቅሳለች፤ እኔ ደግሞ ልቅሶዋን አልችልም።"

ቦርሳዋን ጥላ ልጅቷን ጭኗ ላይ አስተኛቻት፤ ብሩሿን ወንድሟን አስጨብጣ እጁን በእጇ ያዘችው። ልጅቷ ለልቅሶ አፏን ስትከፍት፣ ጥርሶቿን ዙሪያውን አጸዱላት።

"አየህ፣ ስታለቅስ ይቀላል" አለችው።

አሁን ጠዋትና ማታ እቦርሽላታለሁ ይላል። እሷ ግን አታምነውም፤ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ጎራ እያለች ብሩሿ እርጥብ መሆኗን በጣቷ ትዳስሳለች።