ሦስት ውሃ

ድመት የሚሏት ስትመጣ ኮቴዋ ስለማይሰማ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት ሠርታለች። ሃያ አንዱን ያሳለፈችው በልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው፤ የቀረውን ሁለት ዓመት ደግሞ ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት በሚተኙበት ሙቅ ክፍል፣ የነርሶች ረዳት ሆና።

የልጄ ልጅ በሰባት ወሯ ተወልዳ እዚያ ክፍል ገባች። እናቷ ከቀዶ ጥገናው ገና አልተነሣችም ነበርና ከመስታወቱ ፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ሆንኩ።

በዚያ ሰሞን አዲስ አሠራር መጥቶ ነበር። በየሁለት ቀኑ ጠዋት ነርሷ ሕፃናቱን ኃይለኛ ሽታ ባለው መድኃኒት በራሰ ጨርቅ ትጠርጋቸዋለች። ፊታቸውን አትነካም፤ አንገታቸውን፣ ብብታቸውን፣ የጭናቸውን እጥፋት እንጂ። ቆዳቸው ስስ ስለሆነ ጀርም እንዳይገባባቸው ነው። ጨርቁ እንዳይቀዘቅዛቸው ድመት እንደታሸገ ቀድማ ብብቷ ሥር ታሞቀዋለች። ይህን ማንም አላዘዛትም።

ነርሷ መዝገቧን ይዛ ስትወጣ ድመት ለብ ባለ ውሃ ጥጥ ትነክርና ሕፃናቱን ከአንገት እስከ እግር ደግማ ታብሳለች። እጇ ሲያዩት ያስተኛል። ከሁሉም ደግ እሷ ናት ብዬ ለልጄ ነግሬያታለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ከልጄ ልጅ ጎን የተኛው ወንድ ልጅ አንገቱ ሥር መግል የቋጠረ ሽፍታ ወጣበት፤ ትኩሳትም ያዘው። በማግስቱ የእኛዋ ብብት ቀላ። ክብደቷ ኪሎ ከሁለት መቶ ነው። ጀርሙ ወደ ደሟ ከገባ አትችለውም አለን ሐኪሙ፤ ሳይደብቀን። ዋና ነርሷ የጨርቁን ካርቶን ጠርጥራ ሌላ አስመጣች። ጥፋቱ የካርቶኑ ሆኖ ተቀመጠ።

በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ የማነበው በጣቴ እየተከተልኩ ነው፤ ያን ዕለት መጨረሻው መስመር ደረስኩ። ከተጠረገ በኋላ ይድረቅ፣ በውሃ አይታጠብ ይላል። ሁለቴ አነበብኩትና ድመትን ጠራኋት።

«ልጄ፣ ነርሷ ከወጣች በኋላ ደግመሽ የምታብሻቸው ለምንድን ነው?»

«አለቀልቃቸዋለሁ እንጂ እማማ። እንዲህ የሚሸት ነገር ገላቸው ላይ ይተዋል እንዴ?»

«ወረቀቱ አይታጠብ ይላል።»

«የቱ ወረቀት?»

ከእኔ አሥር እጥፍ ፈጥና ታነባለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሥሩ ስታልፍ ግን ቀና ብላ አላየችውም። አሁን አየችው። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠችና ስለ ልብስ ማጠቢያው ነገረችኝ። በገባች በዓመቷ በደንብ ያላለቀለቀችው፣ ሳሙና የቀረበት የሽንት ጨርቅ የአንድ ሕፃን መቀመጫ ልጦ ነበር። አለቃዋ የነበረችው ሴትዮ ምላሷ ከመተኮሻው የባሰ ያቃጥል ነበር አሉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ውሃ ሳያልፍበት ከእጇ የወጣ ጨርቅ የለም።

«ካርቶኑ ነው ብለዋል» አለች ቀስ ብላ፣ ፊቴን እያየች።

እኔ ወደ መስታወቱ ዞርኩ። እሷም በመስታወቱ ወደ ልጅቷ ተመለከተች። ተነሥታ የዋና ነርሷን በር አንኳኳች፤ በሩን ሳትዘጋው ስለገባች የሚባለውን ሰማሁ።

«ሁሉንም ነው ያጠብሻቸው?»

«ሁሉንም፣ ሲስተር። አንድም አላጎደልኩ።»

«የሚጠብቃቸው እኮ ላያቸው ላይ የሚቀረው መድኃኒት ነው» አለቻት ዋና ነርሷ፤ ጮክ ብላ አልነበረም።

ድመት ለአንድ ወር ወደ ልብስ ማጠቢያው ተመለሰች። ሐኪሙ መግሉ ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም አለ፤ በውሃ ማበሱ ግን ቆመ። ወንዱ ልጅ አሥር ቀን መርፌ ተወግቶ ተረፈ። የእኛዋ ብብት በአምስተኛው ቀን ወደ መልኩ ተመለሰ፤ ደሟም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

ወደ ቤት በምንሄድበት ጠዋት ድመት ኮቴዋ ሳይሰማ ከኋላዬ ደረሰች። እጇ በሳሙና ውሃ ተጨማዷል። ልጅቷን ልያዛት ብላ ጠየቀችኝና ሰጠኋት። አፍንጫዋን ከልጅቷ አንገት ሥር አድርጋ አየር ሳበች።

«መድኃኒቱ ይሸታል» አለች፤ መልሳም አስታቀፈችኝ።