የጋሽ ወልዴ የመኪና ማቆሚያ

ዲኬተር ከተማ ባለው የቤቶች አስተዳደር ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ አለቃዬ ሚስ ሊንዳ ቀን የሚመታበት ማኅተም ሰጠችኝ። «ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ ማኅተም፣ ከዚያ ንባብ» አለችኝ። ቢሯችን የብዙ ሰፈሮችን ኤችኦኤ፣ ማለትም የቤት ባለቤቶች ማኅበራትን፣ ጉዳይ ያስፈጽማል። እኔ ጸሐፊ ነበርኩ። ከእኔ በላይ ሚስ ሊንዳ፣ የሚወስነው ግን ነዋሪዎች የመረጡት ቦርድ ነው።

አብዛኛው ደብዳቤ ስለ አጥር ቀለምና ስለ ውሻ ጩኸት ነበር። በአካል ጉዳት ወይም በሕመም ምክንያት ከደንቡ ውጭ የሆነ ነገር እንዲፈቀድለት የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ግን ለብቻው ፋይል ይከፈትለታል። የበሽታውን ስም አንጠይቅም። የምንጠይቀው ምን እንደቸገረውና ምን ቢደረግለት እንደሚቀለው ነው። ይህን ሚስ ሊንዳ ሦስት ጊዜ አስደግማኛለች።

በስድስተኛ ዓመቴ ጋሽ ወልዴ መጡ። ጡረተኛ ናቸው፤ ታከር ከተማ ውስጥ፣ ግድግዳ ከሚጋሩ ቤቶች በአንዱ ከባለቤታቸው ከእትዬ ብርቄ ጋር ይኖራሉ። መኪናቸውን ፓርክ የሚያደርጉት ከግቢው ጫፍ፣ ዳገቱ ሥር ነበር። በራቸው አጠገብ ያለው የእንግዳ ማቆሚያ እንዲሰጣቸው አመለከቱ። ሕመም እንዳለባቸው ብቻ የሚል የሐኪም ደብዳቤም አያይዘዋል። ፎርሙ ላይ «ችግርዎን ይግለጹ» ከሚለው ሥር ግን በእንግሊዝኛ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብለው ሞልተዋል።

«ጋሽ ወልዴ፣ እዚህ ጋ እኮ ደህና ነኝ ብለው ጽፈዋል» አልኳቸው።

«ታዲያ ለማላውቀው ሰው ላማርር?»

እትዬ ብርቄ ከጎን ሆነው፣ «ትናንት ከመኪና ወርዶ ቤት እስኪገባ ወጡን ሁለቴ አሞቅኩት» አሉ።

ጋሽ ወልዴ ይህንንም አልጽፍም ብለው እምቢ አሉ። ፎርሙ እንዳለ ቦርዱ ፊት ቀረበ፤ እኔ ላስተረጉም ተቀመጥኩ። የቦርዱ ሊቀ መንበር ሚስተር ፖል የሚባል ጎረቤታቸው ነበር። «መራመድ ይችላሉ?» ብሎ ጠየቀ።

«ይመስገነው፣ እሄዳለሁ» አሉ ጋሽ ወልዴ።

አንደኛዋ አባል ፋይሉን ዘጋች። ነገሩ ሊበላሽ እንደሆነ ገባኝ። አስተርጓሚ አይጠይቅም፤ ያስተረጉማል። አጠገቤ የተቀመጠችውን ሚስ ሊንዳን አየኋት፣ ጠይቂ በሚል ራሷን ነቀነቀችልኝ።

«ጋሽ ወልዴ፣ ከመኪናዎ እስከ በርዎ የት የት ይቆማሉ?»

በጣታቸው ቆጠሩልኝ። «ፖስታ ሳጥኑ ጋ አንድ። ዛፉ ሥር ሁለት። ከዚያ የእኚህ ሰውዬ ደረጃ ጋ፣ እዚያ ረዘም አደርጋለሁ። የመጨረሻው የቤቴ በር ላይ ነው፣ ቁልፍ የምፈልግ መስዬ።»

ቃል በቃል አስተረጎምኩ። ሚስተር ፖል መነጽሩን አወለቀ። «በየቀኑ ደጄ ላይ ቆመው የሚያዋሩኝ ለሰላምታ መስሎኝ ነበር» አለ።

«ሰላምታም ነው» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ትንፋሼ እስኪመለስ ደግሞ ምን ልሥራ?»

ሚስተር ፖል መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ሁላችንም ተከተልነው። ቦርዱ በሙሉ ድምፅ ፈቀደ። የማቆሚያውን ምልክት እኔው አዘዝኩ፤ በሳምንቱ ተተከለ። አሁን የጋሽ ወልዴ መንገድ በሚስተር ፖል ደጅ አያልፍም፤ ስለዚህ ሚስተር ፖል ራሱ እየመጣ ያዋራቸዋል።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ የምነግራችሁ ይህን ነው፦ የእኛ ሰው እንዴት ነዎት ሲሉት ደህና ነኝ ይላል። የት የት እንደሚያርፍ ጠይቁት፤ የነገራችሁንም ሳትቀንሱ ጻፉ።