ለባሌ የያዝኩት ሳር

አማቴ እንደምትወደኝ ለረጅም ጊዜ አላወቅሁም። ትወደኝ ነበር፤ ግን ፍቅሯ በእጇ እንጂ በአፏ ስላልነበር ለእኔ ለአርባ ምንጭ የሴቻ ሰፈር ልጅ አልገባኝም። የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ለእኔ ፍቅር የሚነገር ነገር ነበር፤ ካልተነገረ የለም። ጋቢ ሊሸጥ ወደ አርባ ምንጭ የወረደ ሸማኔ አግብቼ ወደ ጋሞ ደጋ፣ ገረሴ ስወጣ ግን «እወድሻለሁ» የሚል ሰው አጣሁ። ባሌን «ትወደኛለህ?» ብዬ ስጠይቀው «ታዲያ ምን ላደርግሽ አመጣሁሽ?» ብሎ ይስቃል። አማቴ ደግሞ ጠዋት ቡላ በቅቤ፣ ቀን ቡላ በቅቤ፣ ማታም ያው ነው። «ብላ! ብላ እንጂ ልጄ!» ትለኛለች። አማርኛዋ ጥቂት ስለሆነ ሴቲቱን እኔን እንደ ወንድ ነው የምታናግረኝ። የእኔ ጋሞኛ ከእሷ አማርኛ ስለሚብስ ዝም ብዬ እበላለሁ።

በደህናው ጊዜ ቢሆን ይህ ሁሉ መሳቂያ ነበር። ጊዜው ግን የደርግና የአፈሳ ነው። ቀበሌው ለሰሜኑ ጦርነት ኮታ ተጥሎበት፣ ጎረምሳ ከገበያና ከለቅሶ ቤት ሳይቀር እየታፈሰ በጭነት መኪና ቁልቁል ይወሰዳል። ባሌ ለእናቱ አንድ ነው፤ ከእሱ በፊት የወለደቻቸውን ሁሉ ቀብራለች። ስለዚህ ቀን ቀን ከቤታችን ጀርባ ካለው እንሰት ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ይገባል። ለሰው ሁሉ «ለሽመና አዲስ አበባ ሄዷል» ብለናል። ውሻ በጮኸ ቁጥር ሦስታችንም የምንናገረውን እናቋርጣለን።

መስቀል አለፈና የእኔ ሶፌ ደረሰ። ሶፌ ማለት ሙሽራ የጫጉላ ጊዜዋን ጨርሳ፣ አናቷን ቅቤ ተቀብታ፣ ያላትን ለብሳ ገበያ የምትወጣበት ቀን ነው። ሰው ያያታል፣ ይመርቃታል፤ ከዚያ በኋላ የአገሩ ሚስት ትሆናለች። በእነሱ ሰፈር ባልም አብሯት ይዞራል። እኔ ግትር ነኝና ያለ ባሌ አልወጣም አልኩ።

«ባሏ የጠላት ሙሽራ ሲሉኝ ደስ ይልሻል?» አልኳት አማቴን።

«ገበያ ልጄን ይበላል» አለች።

ያን ቀን ጠላኋት፤ አልዋሽም። እኔ ባሌ እንዲታይልኝ ፈለግሁ፣ እሷ እንዲደበቅላት ፈለገች። እሱ መሃላችን ተቀምጦ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ሲያይ ቆየና «እማ ያለችው ይሁን» አለ። አኩርፌ ቅቤ ተቀባሁ።

ከአማቴ ጋር ገበያው መሃል ገና ሳንደርስ እልልታው ተቋረጠ። አብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ ይዘው በአራቱም በኩል ዘግተዋል። ጎረምሶቹ እየዘለሉ ሮጡ፤ የድንቹ ክምር ተረገጠ፤ በተያዘ ልጇ እግር ላይ ተጠምጥማ የምትጎተት ሴት አየሁ። በልቤ እንኳንም አልመጣ አልኩ። ወዲያው የጥበቃዎቹ አዛዥ፣ ከሌላ አገር የመጣ ሰው፣ ፊቴ ቆመ።

«ሙሽሪት፣ ሙሽራው የታለ?»

«አዲስ አበባ ነው።»

«በሶፌዋ ቀን ሚስቱን ጥሎ?» ብሎ ሳቀ።

ከጎኑ የቆመው ጥበቃ የባሌ አብሮ አደግ ነው። ልጆች ሆነው እዚያው እንሰት ውስጥ ድብብቆሽ ሲጫወቱ ነው ያደጉት። የት እንዳለ እንደሚያውቅ ከፊቱ ገባኝ።

«አንተ የዚህ ሰፈር ልጅ አይደለህም? የት ነው?» አለው አዛዡ።

«አዲስ አበባ ነው ሲባል ሰምቻለሁ» አለ፣ ጫማውን እያየ።

አዛዡ እኔንም ጥበቃውንም አየ። «እንግዲያው እናትየዋ ትታሰር። ልጁ ሲመጣ ትፈታለች።»

አማቴ አልጮኸችም። ሲወስዷት በአጠገቤ ስታልፍ ጆሮዬ ሥር «ሂድ። አስቀር» አለችኝ። ማንን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

በዚያ ሁሉ ጌጥ ሮጥኩ። ክፉ ወሬ ግን ከሙሽራ እግር ይፈጥናል። ባሌን ወደ ከተማው በሚወጣው መንገድ ላይ ሲመጣ አገኘሁት።

«እናቴ በእኔ ፈንታ ታስራ እኔ እንሰት ሥር ልቀመጥ?» አለኝ።

«ራሷ ናት አስቀሪው ያለችኝ!»

«እናት ሌላ ምን ትላለች?»

ልብሱን ይዤ ተጎተትኩ። ክንዴን አላቆ አለፈኝ። እንደገና ቀደምኩት፤ አሁንም ገፍቶኝ አለፈ። ከዚያ በፊት አንድ ሰው በእጁ ገፍቶኝ አያውቅም፣ እሱ ደግሞ ከሰው ሁሉ የለሰለሰው ነበር።

በጋሞ የተጣሉ ሰዎች ዱላ ሲማዘዙ ሽማግሌ መሃላቸው ገብቶ እርጥብ ሳር ይዞ ይንበረከካል። ሳር የተያዘበት ሰው ወደፊት አይራመድም። ቢራመድ ጎሜ ነው፤ ነውር ብቻ ሳይሆን መዘዙ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ጥፋት። ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ በየቤቱ ተደብቀው የሚዘምሩት ጴንጤዎች እንኳ፣ ሌላውን የአባቶች ወግ ሲንቁ፣ ሳር አይሻገሩም። እኔ ሽማግሌ አይደለሁም። የትናንት ሙሽራ፣ ያውም የውጭ ሰው ነኝ። ይገባኝ አይገባኝ ሳላስብ ከመንገዱ ዳር ሳር ነጨሁና ፊቱ ተንበረከክሁ።

ቆመ።

«ጣዪው» አለኝ።

አልጣልኩም። ከአናቴ የሚወርደው ቅቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ያቃጥለኛል፤ እጆቼ ግን እንደተዘረጉ ናቸው።

«በእናቴ ላይ ነው የያዝሽብኝ። እባክሽ ጣዪው።»

እዚያው መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔም ሳሩን ሳልለቅ አለቀስኩ። ሰው ሳያየን እጁን ይዤ ወደ እንሰቱ መለስኩት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን አላናገረኝም።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ባሌ ተርፏል። አማቴም ኮታው በሌሎች እናቶች ልጆች ሲሞላ ተፈታለች። ግን እዚያ ከመድረሳችን በፊት ልትሞትብን ነበር።

በየቀኑ የቆጮ ስንቅ በጨርቅ ቋጥሬ ይዤላት ወደ ቀበሌው እስር ቤት እሄዳለሁ። ትቀበለኝና አጠገቧ ታስቀምጠዋለች፤ አትበላም። በትከሻዬ ላይ አልፋ መንገዱን ታያለች። ልጇ እንዳይመጣ የምትፈራ መስሎኝ ነበር። ጥበቃ ሁልጊዜ አጠገባችን ስለሚቆም ስለ እሱ አንዲት ቃል መተንፈስ አይቻልም፤ አዲስ አበባ ነዋ! አብረዋት የታሰሩት ሴቶች «ውሃ ብቻ ነው የምትጠጣው» አሉኝ። የጉንጯ አጥንት ወጣ። ቤት ስመለስ ባሌ በዓይኑ ይጠይቀኛል፤ «በላች» እለዋለሁ። እውነቱን ካወቀ ሳርም አይይዘውም። እሷ እዚያ ከሞተች ደግሞ እኔን ምን ብሎ ያየኛል? ፍርሃቴ ይኸው ነበር፣ ሌት ተቀን።

አንድ ቀን ተረኛው ያ አብሮ አደግ ሆነ። ሁለታችንን አየና «ውሃ ልጠጣ» ብሎ ጮክ ብሎ ተናግሮ ሄደ። ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። አማቴ አንጓዬን ጨበጠችው።

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«አሞት ነው?»

«ምንም አላመመውም።»

እጄን ለቀቀች። ወደ መሬት አየች። «አልመጣም» አለች፣ ቀስ ብላ።

ያኔ ነው የገባኝ። አስቀር ብላ የላከችኝ እሷ ናት። ቢመጣ ደረቷን ትደቃ ነበር። ይመጣልኛል ብላ መንገድ መንገዱን ስታይ የከረመችውም እሷው ናት። እኔ ደግሞ ያን ቀን መንገድ ላይ የሆነውን አንድም ጊዜ አልነገርኳትም።

«እማ፣ መጥቶ ነበር» አልኳት። «በእጄ ብይዘው ገፍትሮኝ አለፈ። በሳር ነው ያስቀረሁት።»

ቀና አለች። «ሳር? አንተ ሳር ይዘህ?»

«ተንበርክኬ።»

አፏን በእጇ ያዘች። ትሳቅ ታልቅስ አልለይ አለኝ።

«አለቀሰ?»

«አለቀሰ።»

«ብዙ?»

«ብዙ፣ እማ። መንገድ ላይ ተቀምጦ።»

የቆጮውን ጨርቅ ፈታች። ጥበቃው ሲመለስ አፏ ሙሉ ነበር።